ጥቁር እንጨትን እንዴት እንለየዋለን? ከሀዋሳ ጓሮ እስከ ወንዶ ገነት ደን

መጀመሪያ የሚያሳስተን ስሙ ነው። ጥቁር እንጨት ስለተባለ ግንዱ የጠቆረ ዛፍ ሁሉ እሱ ይመስለናል። እኔም አንዴ ወንዶ ገነት ደን ውስጥ ግንዱ ጥቁር የሆነ ትልቅ ዛፍ አየሁና ከስሩ የወደቀ ቅጠል አንስቼ "አገኘሁት!" ብዬ ለጓደኞቼ ፎቶ ላክሁ። አብረውን የነበሩ የአካባቢው ሽማግሌ ቅጠሉን አገላብጠው አዩና "አይ ልጄ፣ ይሄ እኮ ዶቅማ ነው" አሉኝ። ልክ ነበሩ።

እውነተኛው ጥቁር እንጨት ሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ነው። እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ በካሜሩንና በማዳጋስካር ብዙ ዛፍ ተልጦ ደርቋል። ንግዱም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው። እኛ ጋ ደግሞ ለጣውላ ይቆረጣል፣ ደኑም ለእርሻ ይመነጠራል። አንዷን ዛፍ በትክክል ለይቶ የቆመችበትን ቦታ መመዝገብ ትልቅ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ደን ከመግባታችሁ በፊት ሀዋሳ ላይ ዓይናችሁን አለማምዱ። ጓሮ ውስጥ ዘይቱንና አቮካዶ ካለ ይበቃል። የዘይቱን ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ነው የሚወጡት። የአቮካዶ ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ ተራ በተራ ነው። ይህን ልዩነት በደንብ ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፣ ምክንያቱም ጥቁር እንጨት እንደ አቮካዶው ተራ በተራ ሲያወጣ ዶቅማ እንደ ዘይቱኑ ጥንድ ጥንድ ያወጣል። ከዚያ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሂዱና የሾላ ቅጠል ቀንጥሱ። ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። ጥቁር እንጨት ላይ ይህን አታዩም።

አሁን ወደ ደኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እኔ የተሳሳትኩትን ነው፣ መሬት ላይ ያለ ቅጠል የግድ ከላይ ያለው ዛፍ ቅጠል አይደለም። ነፋስ ያመጣዋል፣ ከጎን ካለው ዛፍ ይረግፋል፣ ጉሬዛም እየበላ ይጥላል፣ በዛፉ ላይ የተጠመጠመ ሐረግም የራሱን ቅጠል ያራግፋል። ስለዚህ ባይኖኩላር ያዙ። ከሌላችሁ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ ላይኛውን ቅርንጫፍ እዩና መሬት ካገኛችሁት ጋር አመሳክሩ።

ቅርፊቱን ቀጥሎ እዩ። ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ በጥልቅ ተሰነጣጥቆ አራት ማዕዘን በሚመስሉ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። በቢላ እየላጣችሁ ውስጡን እንይ እንዳትሉ፣ አደራ! በካሜሩንና በማዳጋስካር ብዙ ዛፍ ያደረቀው ይሄው መላጥ ነው።

ቅጠሉ ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ጀርባው ፈዘዝ ይላል። ጠርዙ ላይ ጥቃቅን የመጋዝ ጥርስ አለው፣ የዶቅማ ጠርዝ ግን ለስላሳ ነው። ቅጠሉን ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ብዙ ጊዜ ቀላ ያለ ነው። ከዚያ አንድ ቅጠል በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱ። መራራ ለውዝ የመሰለ ሽታ አለው። የኮክ ቅጠል ወይም የኮክ ፍሬ ውስጡን ሰብራችሁ አሽትታችሁ ከሆነ ወዲያው ታውቁታላችሁ፣ ኮክ የቅርብ ዘመዱ ነውና። ሽታው ሳይናይድ ከተባለው መርዝ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ግን ማኘክም መቅመስም የለም።

ፍሬ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከቁመቱ ወርዱ ይበልጣል፣ መሃሉ ላይ ገባ ብሎ ሁለት ጉንጭ ያለው ይመስላል። አበባው ትንንሽና ነጣ ያለ ነው፣ በዘለላ ይወጣል።

ሌሎቹን ማስወጣት ቀላል ነው። ቅጠሉ ሰፊና ልብ የመሰለ ከሆነ ብሳና ነው ብላችሁ አስቡ። እንደ ላባ በጥቃቅን ቅጠሎች የተሰነጣጠረ ከሆነ ሰሳ ሊሆን ይችላል፣ ጥቁር እንጨት ግን አይደለም።

በመጨረሻ መረጃውን ያዙ። ሙሉ ዛፉን፣ ቅርፊቱን፣ የቅጠሉን ላይና ጀርባ፣ ቅጠሎቹ ከቅርንጫፉ የሚወጡበትን ቦታ አጠገቡ የ1 ብር ሳንቲም አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የስልክ አፕ የሚሰጣችሁን ስም እንደ ግምት ብቻ ያዙት። ናሙና የምትወስዱት በፈቃድ ነው፣ አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ይበቃል። ጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ በካርቶን ተጫኑት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የፍሬውን ቀለም እዚያው ጻፉ፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል። ከዚያ ናሙናውን ለባለሙያ አሳዩ። ለሀዋሳ ሰው ቅርቡ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ አለ። አበባም ፍሬም ያላያችሁበት ዛፍ ከሆነ ወረቀቱ ላይ "ጥቁር እንጨት ሳይሆን አይቀርም" ብላችሁ ጻፉ፣ ፍሬ ሲይዝ ተመልሳችሁ እዩት።