ነዳጅ አልቀበልም ያለው መኪና፦ ጥፋቱ ሶኬቱ ውስጥ ነበር

ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብረግጠውም መኪናው ከመንፏቀቅ አላለፈም፤ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱም በርቷል። ከስልክ ጋር የሚሠራው የኮድ ማንበቢያ ፒ2135 አሳየኝ። የትሮትሉን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን ክዳን፣ አቀማመጥ የሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች ንባባቸው አልተጣጣመም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የትኛውን ማመን እንዳለበት ስለማያውቅ ለደኅንነት ሲል ኃይል ይቀንሳል።

አንድ ጋራዥ ትሮትል ቦዲው፣ ክዳኑና ሴንሰሮቹ ያሉበት ዕቃ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየር አለኝ። ኮዱ ግን ዕቃው ተበላሸ አይልም፤ ንባቡ ተዛባ ነው የሚለው። ስለዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ከመውረዴ በፊት የቮልት መለኪያዬን (መልቲሜትር) አወጣሁ።

ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ከፍቼ፣ የትሮትል ቦዲው የሽቦ ሶኬት እንደተሰካ ከጀርባው ለካሁ። መጋቢው ሽቦ 5 ቮልት አለው፤ ደህና። ፔዳሉን በዝግታ ስረግጥ የአንደኛው ሴንሰር ቮልት ቀስ እያለ ሲያድግ የሁለተኛው ይዘላል። ሶኬቱን ሳወዛውዘው ደግሞ ፔዳሉ ሳይነካ ቁጥሩ ይለዋወጣል። ፍለጋው እዚያው አበቃ።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ ሶኬቱን ነቀልኩት፤ አንደኛው ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ሞተርን በግፊት ውኃ የማሳጠብ ልማዳችንን እጠረጥራለሁ። በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ አጽድቼ፣ የላላውን መያዣ በመርፌ ጠበቅ አድርጌ፣ በደንብ ሲደርቅ መለስኩት። የትሮትሉን ክዳን የምታጸዱ ሰዎች፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ጣት አታስገቡ፤ ክዳኑን የምታንቀሳቅሰው ትንሿ የኤሌክትሪክ ሞተር በድንገት ትዘጋዋለች።

ኮዱን ካጠፋሁ በኋላ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ሞተሩ ሲሞቅ ተስተካከለ። መብራቱ አልተመለሰም። ወጪው የስፕሬዩ ዋጋ ብቻ ነው።