ጊት ክሎን መሐል ላይ እየተቋረጠ ለሚያስቸግራችሁ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊም ሆነ ፔዳ ግቢ ሆናችሁ ለሊብሬኦፊስና ለመሰል ክፍት ምንጭ የዴስክቶፕ ሶፍትዌሮች ኮድ ማበርከት የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ጊት ክሎን እያደረጋችሁ (ጊት በተባለው የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም ኮዱን ከነለውጥ ታሪኩ ወደ ኮምፒውተራችሁ እየቀዳችሁ) ኔትወርክ ወይም መብራት ከጠፋ ሥራው ካቆመበት ስለማይቀጥል የወረደው ሁሉ መና ይቀራል።

መፍትሔው ከክሎን ትእዛዝ ጋር ሁለት ሰረዝ አስቀድሞ «ዴፕዝ 1» የሚለውን አማራጭ መጨመር ነው። ጊት ያን ጊዜ የለውጥ ታሪኩን ትቶ የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ፋይሎች ብቻ ያወርዳል፤ ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ከመለየቱ በፊት የነበረውን ታሪክ ጭምር ስለያዘ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። ኮዱን ለማንበብ፣ ለመገንባትና የመጀመሪያዋን ትንሽ ማስተካከያ ለመሥራት ይህ በቂ ነው።

ታሪኩ ሲያስፈልጋችሁ በፌች (ተጨማሪ ለውጦችን በሚያወርደው) ትእዛዝ ላይ፣ እንደገና ሁለት ሰረዝ አስቀድማችሁ፣ «ዲፕን 500» እያላችሁ ታሪኩን 500 ኮሚት ያህል ወደ ኋላ በየዙሩ አውርዱ። የተጠናቀቀው ዙር ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ የሚባክነው የተጀመረው ዙር ብቻ ነው፤ ለእኛ አካባቢ ኔትወርክ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

አንድን የኮድ መስመር ማን፣ መቼና ለምን እንደጻፈው ለማጣራት ግን በዚህ አጭር ቅጂ አትተማመኑ፤ ታሪኩ ስለሌለው ብሌም (የእያንዳንዱን መስመር ጸሐፊ የሚያሳየው የጊት ትእዛዝ) መስመሮቹን ሁሉ የመጨረሻው ኮሚት እንዳመጣቸው አድርጎ ያሳያችኋል።