ለሳሎን ፊልም ማጫወቻ፦ ታብሌት ወይስ ሚኒ ፒሲ?

እናቴ የምትኖረው አዘዞ ነው። ቅዳሜ ማታ ጎረቤቱም የልጅ ልጁም ሳሎኗ ይሰበሰባል። ለዚያ ቴሌቪዥን የሚሆን ማጫወቻ ስገዛ ተሳስቼ ብሬን አባክኛለሁ። እናንተ እንዳትሳሳቱ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የት እንደምታዩ ወስኑ። አንድ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ የሚያይ ከሆነ ታብሌት ይበቃል፤ ሌላ አታስቡ። ቤተሰቡ በቴሌቪዥን የሚያይ ከሆነ ግን ቀጥሉ።

ብዙ ሰው ታብሌት የሚመርጠው መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይሰራል ብሎ ነው። እውነት ነው፣ ግን ቴሌቪዥኑ አብሮ ይጠፋል። ባትሪው የሚጠቅመው በታብሌቱ ስክሪን ካያችሁ ብቻ ነው። በፍጆታም ቢሆን ሚኒ ፒሲ፣ ማለትም ከቲቪ ጋር የሚሰካ የራሱ ስክሪን የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ አነስተኛው ብዙ መብራት አይበላም። ኢንቴል ኤን100 የሚባለው ፕሮሰሰር በ6 ዋት እንዲሰራ የተሰራ ነው። ሚኒ ፒሲ ባትሪ ስለሌለው ድንገት ሲጠፋ ፋይል ሊበላሽበት ይችላል። መብራቱ ሲመለስም ከፍ ዝቅ ይላልና በስታቢላይዘር አድርጉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሱቅ ውስጥ መሞከር። እኔ ፒያሳ አንድ ሱቅ ታብሌት ስገዛ ሻጩ «ዩኤስቢ ሲ ስለሆነ ከቲቪ ጋር ይገናኛል» አለኝ። አምኜ ወሰድኩት። ቤት ገብቼ በኤችዲኤምአይ መቀየሪያ ስሰካው ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» አለ። ኬብሉ መስሎኝ ሌላ መቀየሪያ ገዛሁ። ያው ነው። ታብሌቱ ቻርጅ ያደርጋል፣ ፍላሽ ያነባል፣ ምስል ግን አያወጣም። ለካ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳው ቅርጹ አንድ ይሁን እንጂ ምስል የሚያወጣው ዲስፕሌይፖርት ኦልት ሞድ ያለው ብቻ ነው። ርካሽ ታብሌቶች አብዛኞቹ የላቸውም። ስለዚህ መቀየሪያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ቲቪ ላይ ሰክተው ያሳዩአችሁ። እምቢ ካሉ ሌላ ሱቅ ሂዱ። አብዛኛው ሚኒ ፒሲ የራሱ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ስላለው ይህ ጣጣ የለበትም።

ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ከሆነ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ትውልድ እዩ። አሁን ከሰው ሰው የሚዞረው ፊልም ብዙው ኤች 265 በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ የተሰራ ነው፤ ቀለሙ የበለጠ ዝርዝር የሆነ ባለ 10 ቢትም አለበት። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን ባለ 10 ቢት ሳይጨናነቁ የሚያጫውቱት ከ7ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር 7500 ከሆነ 7ኛ፣ 4590 ከሆነ 4ኛ ነው። በአሮጌው ላይ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ሻጩ የሚያሳያችሁን ማሳያ ቪዲዮ አትመኑ። የራሳችሁን ከባድ ፊልም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና መሃል ላይ ወደፊት እየዘለላችሁ ሞክሩ።

ፍላሹ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አልቀበልም ካለ ትልልቅ ፋይል በሚቀበለው ኤክስፋት በሚባለው አይነት ፎርማት አድርጉት፤ ግን ሁሉን ስለሚያጠፋ ያለውን አስቀድማችሁ ቅዱ። ቪኤልሲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ጫኑ፤ ለእኔ ከሌላው ሁሉ ይሻላል።

እኔ በመጨረሻ ኤን100 ያለውን ሚኒ ፒሲ ገዝቼ ቴሌቪዥኑ ጎን አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀመጥኩት። ገመድ አልባ ኪቦርድ ጨመርኩለት። እናቴ ማወቅ ያለባት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ለማቆም ረጅሙን ቁልፍ፣ ድምፅ ለመጨመር ከኮንትሮል ጋር ወደ ላይ ቀስቱን። ታብሌቱ ማድ ቤት ገብቷል፤ ወጥ ስትሰራ መዝሙር ትሰማበታለች።