የሳምንቱን ሬስሊንግ የተመልካች ስሜት አድምጦ እንዴት መጻፍ ይቻላል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሬስሊንግ የሚከታተል ሰው የሳምንቱን ዝግጅት ካየ በኋላ ለጓደኞቹ በቴሌግራም የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ማን እንዳሸነፈና ማን እንደተሸነፈ ነው። ውጤቱን ግን ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ ወዲያውኑ ያገኘዋል። ሳይጻፍ የሚቀረው የተመልካቹ ስሜት ነው። በዚህ ሙያ አሸናፊው አስቀድሞ ይወሰናል፤ ደብሊው ደብሊው ኢ የተባለው የአሜሪካ የሬስሊንግ ኩባንያ ራሱ በ1989 ለኒው ጀርሲ ግዛት ሴኔት ሥራው መዝናኛ እንጂ ውድድር እንዳልሆነ አስረድቷል። አስቀድሞ ሊወሰን የማይችለው በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው የሚሰጠው ምላሽ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ሬስሊንግ በቁም ነገር መጻፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሕዝቡን ማድመጥ መማር አለበት ብዬ አምናለሁ። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት በአብዛኛው ከደብሊው ደብሊው ኢ ዝግጅቶች ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሰዓቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። ሮው ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ የሚተላለፍ የኩባንያው የሰኞ ምሽት ዝግጅት ሲሆን፣ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ የሚታየው በኔትፍሊክስ ነው። በተለመደው ሰዓቱ በኒውዮርክ ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲጀምር፣ ደሴ ላይ የሰኞ ገበያ ግርግር ካበቃ ብዙ ሰዓት አልፎ ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል፤ አሜሪካኖች በኖቬምበር ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ እስከ ማርች ድረስ 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል። በጦሳ ብርድ በዚያ ሰዓት ሰው ሰብስቦ ማየት የማይታሰብ ስለሆነ፣ የምመክረው ሁለት ጊዜ ማየትን ነው። የመጀመሪያውን ብቻዎን፣ ሌሊት በቀጥታ ወይም ማለዳ ከሥራ በፊት፣ የአዳራሹን ሕዝብ ለማድመጥ ብቻ ይዩት። ሁለተኛውን ማክሰኞ ማታ ከጓደኞችዎ ጋር ይዩትና በዚያን ጊዜ ዓይንዎን ከቴሌቪዥኑ ይልቅ በክፍሉ ውስጥ ባሉት ሰዎች ላይ ያድርጉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማድረግ የሚሞክር ሰው የሚጽፈው የራሱን ስሜት ብቻ ይሆናል።

አዳራሹን ሲያደምጡ ሕዝቡን እንደ ታዳሚ ብቻ አይቁጠሩት። በወሎ መንዙማ አውራጁ ብቻውን መንዙማውን እንደማያቆመውና ተቀባዩ ሲቀዘቅዝ ዜማው ሁሉ እንደሚቀዘቅዝ፣ በሬስሊንግም ሕዝቡ የዝግጅቱ ግማሽ አካል ነው። ይህን በጆሮ ለመረዳት የሚጠቅም አንድ ልምምድ አለ። በማርች 2020 ወረርሽኙ አዳራሾችን ሲዘጋ ኩባንያው ዝግጅቱን ኦርላንዶ በሚገኘው የሥልጠና ማዕከሉ ያለ ተመልካች ማስተላለፍ ጀመረ፤ ከኦገስት 2020 ጀምሮ ደግሞ የደጋፊዎችን ፊት በስክሪኖች ደርድሮ የተዘጋጀ ድምፅ ይለቅ ነበር፤ እውነተኛው ሕዝብ ወደ ሳምንታዊዎቹ ዝግጅቶች ተመልሶ የገባው ጁላይ 16 ቀን 2021 በሂዩስተን በተካሄደው ስማክዳውን፣ ማለትም በኩባንያው ሌላ ሳምንታዊ ዝግጅት ነው። ከሦስቱ ጊዜያት አንድ አንድ ግጥሚያ መርጠው በተከታታይ ይዩ። በመጀመሪያው የጫማ ኮቴና የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል፤ በሁለተኛው ጩኸቱ አለ፣ ነገር ግን ሁልጊዜ በትክክለኛው ቦታ ስለሚመጣ ሕይወት የለውም፤ በሦስተኛው ሕዝቡ ይሳሳታል፣ ይቀድማል፣ ይዘገያል፣ ያልተጠበቀውን ሰው ያነሣል። እውነተኛ ምላሽ የሚታወቀው በዚህ ነው። ይህን ልዩነት የለመደ ጆሮ ድምፅ ተጨምሮ ሲቀርብለትም መጠራጠር ይጀምራል፤ ስማክዳውን እስከ 2016 አጋማሽ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ተቀርጾ ይተላለፍ ስለነበር፣ የቆዩ ዝግጅቶችን ሲመለከቱ ከድምፁ ይልቅ ከሪንጉ ጀርባ የተቀመጡትን ሰዎች እጅና ፊት ማየት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የተቃውሞ ጩኸት ነው። ብዙ ጸሐፊዎች “ሕዝቡ ተቃወመው” ብለው ያልፋሉ፤ ይህ ግን ምንም አልነገረንም። አንድ ሸረኛ ሆኖ የሚጫወት ሬስለር ዳኛው ሳያየው በወንበር ሲማታና ሕዝቡ ሲጮህበት ሥራው ሰምሮለታል፤ ያ ጩኸት ምስጋና ነው። ሁለተኛው ዓይነት ጩኸት የሚመጣው ሕዝቡ ገጸ ባሕርዩን ሳይሆን የአዘጋጆቹን ውሳኔ ሲቃወም ነው። ሮማን ሬይንስን ኩባንያው ለዓመታት ጀግና አድርጎ ሲያቀርበው ብዙው ሕዝብ አልተቀበለውም። ኤፕሪል 3 ቀን 2017፣ አንጋፋውን ሬስለር አንደርቴከርን ባሸነፈ ማግስት፣ ኦርላንዶ በተካሄደው ሮው ማይክሮፎን ይዞ ሪንግ ላይ ሲቆም አዳራሹ ለአሥር ደቂቃ ያህል በጩኸት አላናግር አለው፤ እሱም በመጨረሻ ግቢው ከእንግዲህ የእሱ መሆኑን በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ወጣ። ያ ጩኸት የሁለቱ ዓይነቶች ድብልቅ ነበር፤ አንድ ምላሽ ሁለት ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

የዚሁ ሰው ሌላ ምሽት ደግሞ ስለ ሕዝቡ ሌላ እውነት ይነግረናል። ኦክቶበር 22 ቀን 2018 በፕሮቪደንስ ሮው ላይ ገብቶ በእውነተኛ ስሙ ራሱን አስተዋወቀ፤ ለ11 ዓመታት ከሉኪሚያ ጋር እንደኖረ፣ በሽታው እንደተመለሰበትና የሻምፒዮንነት ቀበቶውን እንደሚለቅ ተናገረ። ሲገባ ተቀላቅሎ ይሰማ የነበረው ድምፅ ወዲያው ረገበ፤ ቀጥሎም ወደ ጭብጨባ ተለወጠ። ለዓመታት ሲጮሁበት የነበሩት ሰዎች ገጸ ባሕርዩንና ሰውየውን ለይተው ያውቁ እንደነበር የታየው ያን ቀን ነው። ስለዚህ የተቃውሞን ጩኸት በሰማችሁ ቁጥር ሕዝቡን “ክፉ” ወይም “ምስጋና ቢስ” ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ።

ሁለቱን የጩኸት ዓይነቶች ለመለየት ቀላሉ መንገድ ጀግናው መልሶ መምታት ሲጀምር የሚሆነውን መጠበቅ ነው። ሕዝቡ ሸረኛውን የሚጠላው ታሪኩን ስለተቀበለ ከሆነ፣ ጀግናው ሲነሣ ጩኸቱ ወዲያው ወደ ሆታ ይለወጣል። ሕዝቡ በአዘጋጆቹ ላይ ከሆነ የተቆጣው፣ ማንም ቢመታ ለውጥ የለም፤ በሪንጉ የሌለ ሬስለር ስም መጥራት፣ የላስቲክ ኳስ መወራወር ወይም ለራሱ መዝፈን ይጀምራል። በጆን ሲና ዘመን እንደታየው አዳራሹ ለሁለት ሲከፈልም የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ያስተውሉ፤ የልጆችና የሴቶች ቀጭን ድምፅ ሲደግፈው የጎልማሶች ወፍራም ድምፅ ይቃወመው ነበር፤ ይህ ብቻውን ለማን እንደሚሸጥና ማንን እንዳሰለቸ ይናገራል።

ዝምታም ሁለት መልክ አለው። ኤፕሪል 6 ቀን 2014 በኒው ኦርሊየንስ ብሮክ ሌስናር፣ የኩባንያው ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት በሆነው በሬስልማኒያ መድረክ 21 ጊዜ አሸንፎ አንዴም ያልተሸነፈውን አንደርቴከርን ሲጥለው ስታዲየሙ በድንጋጤ ዝም አለ፤ ሰዎች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው አፋቸውን ከፍተው ነበር። የመሰልቸት ዝምታ ግን ፊት የለውም፤ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ለአንድ ሬስለር ከተቃውሞ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ሁለተኛው ዝምታ ስለሆነ፣ ሲያጋጥምዎ በየትኛው ደቂቃ እንደጀመረ ሳይጽፉ አይለፉ።

የኮሜንታተሮቹን ቃል እንደ ማስረጃ አይጠቀሙ። ሥራቸው ታሪኩን መሸጥ ነው።

ዝግጅቱ የተካሄደበትን ከተማም ይመዝግቡ። ቺካጎ የሲ ኤም ፓንክ የትውልድ ከተማ ስለሆነ እሱ በ2014 መጀመሪያ ከኩባንያው ከወጣ በኋላ እንኳ ስሙን እየጠራ ያስቸግር ነበር፤ በኖቬምበር 2023 የተመለሰውም እዚያው ከቺካጎ አጠገብ ባለው አዳራሽ ነው። ከሬስልማኒያ ማግስት የሚካሄደው ሮው ደግሞ ከብዙ አገር የመጡ እንግዶች የሚሞሉት በመሆኑ ሁልጊዜም ከተለመደው የተለየ ነው። በእነዚህ ምሽቶች የተሰማ ድምፅ ስለ መላው ተመልካች አይመሰክርም።

በዚህ ምክንያት የአንድ ሳምንት ምላሽ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም፤ የሳምንታዊ ዝግጅት ጥቅሙም መከታተል ማስቻሉ ነው። ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ ነው፤ እኛ አፍሪካውያንም ታሪኩን በደንብ ልናውቀው ይገባል። በፌብሩዋሪ 2019 በተጎዳ ሬስለር ምትክ ገብቶ፣ ስማክዳውን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ በዘለቀ ተከታታይ ግጥሚያ ሦስት ተፋላሚዎችን አንድ በአንድ ሲያሸንፍ፣ 11 ዓመት ሙሉ በመሐል ደረጃ የቆየው ሰው በድንገት የሕዝቡ ሆነ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ድምፁ እያደገ ሄደ፤ ኩባንያውም ያን ድምፅ ተከትሎ ኤፕሪል 7 ቀን 2019 በሬስልማኒያ 35 ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ የመጀመሪያው አፍሪካ የተወለደ የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን እንዲሆን አደረገ። በኦክቶበር 4 ቀን ቀበቶውን ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ለብሮክ ሌስናር ሲያስረክብ የተሰማው ቅሬታም የዚያ ፍቅር መጠን ነው። በ2024ም እንዲሁ፣ ሬስለሩ ኮዲ ሮድስ በሬስልማኒያ ለሻምፒዮንነት ሊገጥም የነበረውን ቦታ ለዝነኛው ሬስለር ለሮክ የሚለቅ ሲመስል በፌብሩዋሪ የተነሣው ተቃውሞ ዕቅዱን አስለወጠ፤ ኮዲም ኤፕሪል 7 የሮማን ሬይንስን የ1,316 ቀናት ሻምፒዮንነት አበቃ። እነዚህን ሂደቶች ሳምንት በሳምንት መዝግቦ የያዘ ሰው፣ ውሳኔው ከመምጣቱ በፊት ድምፁን ሰምቶት ነበር።

ወደ ማክሰኞ ማታው ስብሰባ እንምጣ። ዝግጅቱ በተለምዶ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ስለሚወስድ፣ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ጓደኛ ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይጀምሩ፤ ከመሸ በኋላ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚኒባስ መውረድም ሆነ መኪና ማግኘት ያስቸግራል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልክዎን አስቀድመው ቻርጅ ያድርጉ። ለሚመጡት ሁሉ ቀን ላይ ቲክቶክና ፌስቡክ እንዳይከፍቱ ይለምኗቸው፤ ውጤቱን የሰማ ሰው የሚያሳየው ድንጋጤ የውሸት ነው፤ ሳያስበው የሰማም ካለ ስሙን ለይተው ይያዙ። እርስዎ ቀድመው ያዩት ስለሆነ ፊትዎ እንዳያሳብቅ ከሰው ጀርባ ይቀመጡ።

በቤቱ ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች መኖራቸው ትልቅ ሀብት ነው። አንዲት እናት ቡናቸውን እያፈሉ “ኧረ ልጄ፣ ይኼ ሰው ሊሞት ነው፤ ገላጋይ የለም ወይ?” ቢሉ፣ ትግሉ የተጠና መሆኑን ሊያስረዷቸው የሚነሡ ወጣቶችን በትሕትና ያስቁሙ። የእሳቸው ሥጋት ሬስለሩ ሥራውን በትክክል ስለመሥራቱ ከማንም በላይ የታመነ ምስክር ነው፤ ቃላቸውም እንደተናገሩት ይጻፍ። ልጆች ካሉ ግን ያዩትን በታናናሾቻቸው ላይ እንዳይሞክሩ አጥብቆ መናገር ግዴታ ነው፤ ሬስለሮቹ መውደቅን ለዓመታት ተምረውም ይጎዳሉ።

ማስታወሻውን በአንድ ደብተር ላይ በሦስት ዐምድ መያዝ ይበቃል፤ ሰዓቱና ድርጊቱ፣ አዳራሹ ያደረገው፣ ክፍሉ ያደረገው። አዳራሹና ክፍሉ የተለያዩበትን ቦታ ያስምሩበት፤ ምክንያቱም ጽሑፉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አሜሪካኖች በእንግሊዝኛ ቀልድ ሲስቁ ደሴ ላይ ዝም ከተባለ የቋንቋ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ አዳራሹ የሰለቸውን የወደቀ ጀግና የእኛ ክፍል ቆሞ ካጨበጨበለት ግን ልንጽፈው የሚገባ ነገር አለ።

ሲጽፉ “ሕዝቡ አበደ” የሚለውን አባባል ይተዉት። በእሱ ፈንታ “ሙዚቃው ሲሰማ ከወንበሩ ያልተነሣ አልነበረም፤ መናገር ሲጀምር ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግማሹ ተቀምጧል” ተብሎ ቢጻፍ፣ ያላየ አንባቢ ሬስለሩ በመግቢያው እንደተወደደና በንግግሩ እንደደከመ ይረዳል። የራስዎን አስተያየት ከሌሎቹ ምላሽ ለይተው በመጨረሻ አንቀጽ ያስቀምጡት፤ የሚደግፉት ሬስለር በተሸነፈበት ሳምንት ደግሞ ጽሑፉን አሳድረው ረቡዕ ጠዋት እንደገና ያንብቡት። ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉትን ሰዎች “አንድ የሆጤ ልጅ” ወይም “አንዲት የሸዋ በር እናት” ብሎ ማለፍ ይቻላል። ስማክዳውን ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ አዲስ ታሪክ ይዞ ስለሚመጣ፣ ጽሑፉ ቢዘገይ እንኳ ከሐሙስ ማታ ማለፍ የለበትም።