ከቤቱ ጋር የመጣ የግብር ውዝፍ

የገዛነውን ቤት ቁልፍ ከተረከብን ከ2 ወር በኋላ በሩ ሥር የ3 ዓመት ውዝፍ የንብረት ግብር ማስጠንቀቂያ አገኘሁ፤ በቀድሞው ባለቤት ስም። በጣም ደነገጥኩ። በብዙ ቦታ ይህ ዕዳ የሚከተለው ሰውን ሳይሆን ቤቱን ነው፤ ዝም ካሉት እስከ ሐራጅ ሊያደርስ ይችላል።

መጀመሪያ ከግብር ቢሮው ፍሬ ግብሩን፣ ወለዱንና ቅጣቱን በየዓመቱ ለይቶ የሚያሳይ ዝርዝር በጽሑፍ ጠየቅሁ። ከዚያ የሽያጭ ውሉን አወጣሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «እስከ ርክክብ ቀን ያለ ማናቸውም ዕዳ የሻጭ ነው» ይላል፤ ያን መስመር ሳነብ ነው የተነፈስኩት። የዝርዝሩንና የውሉን ቅጂ ከደብዳቤ ጋር ለሻጩ ላክሁ። መልሱን ግን አልጠበቅሁም፤ ወለዱ እንዳይጨምር ራሴ ከፍዬ ደረሰኙን ያዝኩ። ቅጣቱ እንዲነሳልኝ አመልክቼ ተነሳልኝ። ሻጩም ገንዘቡን በ2 ጊዜ መለሰ። በመጨረሻ ከዕዳ ነጻ የሚል ማስረጃ ወስጄ የግብር መዝገቡን በስሜ አዛወርኩ።