ብስክሌትን በመኪና ለመጫን

የብስክሌት መሸከሚያ ከመግዛቴ በፊት የማነበው የመኪናዬን መመሪያ መጽሐፍ ነው። ጣሪያው ስንት ኪሎ ግራም እንደሚችል እዚያ ተጽፏል። የመሸከሚያው የራሱ ክብደትም ከዚያ ልክ ላይ ይቀነሳል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የጣሪያ መሸከሚያ የኋላ እይታን አይጋርድም። ግን ብስክሌቱን ከራስ በላይ ማንሳት ይጠይቃል። አንድ ቀን ጣሪያው ዝቅ ያለ የመኪና ማቆሚያ ልገባ ስል ልጄ ጮኻ አስቆመችኝ፤ ብስክሌቶቹን ጨርሶ ረስቻቸው ነበር! ከዚያ ወዲህ ጠቅላላ ቁመቱን ለክቼ፣ በወረቀት ጽፌ፣ ከመሪው አጠገብ እለጥፋለሁ።

በኋላ በር ላይ በቀበቶ የሚታሰረው ርካሽ ነው፤ ለአጭር መንገድና ለቀላል ብስክሌት ይበቃል። የቀበቶዎቹ መንጠቆዎች ግን የመኪናው ፕላስቲክ ላይ አይረፉ።

እኔ የምመርጠው ተጎታች በሚያያዝበት መንጠቆ ላይ የሚገጠመውን፣ በተለይም ጎማውን የሚይዘውን ነው። ዝቅ ስለሚል ወገብ አይጎዳም፤ የብስክሌቱን ፍሬም (ዋና አካሉን) ስለማይጨምቅ፣ ፍሬሙ ከካርቦን ለተሠራ ብስክሌት እጅግ ይሻላል። መንጠቆውም የክብደት ልክ አለው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ ባትሪውን ነቅዬ መኪናው ውስጥ አስቀምጣለሁ። የመኪናው ሰሌዳ ወይም የኋላ መብራቱ ከተሸፈነ፣ መብራት ያለው ተጨማሪ የሰሌዳ መያዣ ሳይገጠም መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም። ከኋላ የሚመጣው ሰው ፍሬን መያዛችንን ማየት አለበት።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ቆሜ እያንዳንዱን ማሰሪያ በእጄ እስባለሁ። የላላውን አጠብቃለሁ፤ የተንጠለጠለውን የቀበቶ ጫፍም እቋጥራለሁ።