የባጃጅ ቻርጀር እምቢ ሲል፦ ቺፑን ከመቀየራችሁ በፊት

አዳማ ላይ የባጃጅ ሾፌር ስልኩ ዘጋ ማለት ደንበኛው አያገኘውም ማለት ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ከዳሽቦርዱ ሥር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 5 የምታወርድ ትንሽ ሰሌዳ የሚያስሩት። ሰሌዳዋ ላይ በብዛት የሚገኘው ቮልት አውራጅ ቺፕ ኤልኤም2596 ነው።

ለምን 7805 የሚባለው ተራው ቮልት አውራጅ አይበቃም? 7805 ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ከ12 ወደ 5 ሲያወርድ 1 አምፒር ካለፈበት 7 ዋት በሙቀት ይባክናል። በአዳማ ፀሐይ ላይ ይሄ ሲጨመር አስቡት። ኤልኤም2596 ግን በሰከንድ 150,000 ጊዜ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲከፍት ኮይሉ፣ ማለትም የተጠቀለለው ሽቦ፣ ኃይል ይይዛል። ሲዘጋ ኮይሉ የያዘውን በዲዮዱ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው) በኩል እያዞረ ለስልኩ ይሰጣል። የዲዮዱን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስልኩን ንቀሉ። በሰው ስልክ አይሞከርም። በምትኩ 10 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር እሰሩ፤ በ5 ቮልት ግማሽ አምፒር ይስባል። ያለ ጭነት፣ ማለትም ኃይል የሚስብበት ነገር ሳይኖር፣ 5 ቮልት የሚያሳይ ሰሌዳ ጭነት ሲያገኝ ሊወድቅ ይችላል።

ቀጥሎ መግቢያውን ለኩ። ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ጭነት ስትሰኩ በጣም ከወረደ ችግሩ ሽቦው ወይም የላላ ማያያዣ ነው፤ ሰሌዳውን አትንኩት።

መግቢያው ደህና ከሆነ ወደ ቺፑ እግሮች ኑ። 5ኛው እግር ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ግራውንድ (የባትሪው ኔጌቲቭ መስመር) ላይ ከሆነ ቺፑ ይሠራል፣ ቮልት ከደረሰው ይተኛል። 4ኛው እግር መውጫውን የሚያይበት ዓይኑ ነው። የመውጫው ቮልት በሚስተካከልበት የቺፑ ዓይነት ላይ እዚህ 1.23 ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ወደዚህ እግር የሚመጣው መስመር ከተቆረጠ ቺፑ መውጫው የወረደ ይመስለውና እስከ መግቢያው ድረስ ይገፋዋል። ስልክ የሚያቃጥለው ይሄ ነው። አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ከ4ኛው እግር ወደ ግራውንድ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከመውጫው ወደ 4ኛው እግር ደግሞ የ3 ኪሎ ኦምና የ100 ኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ አድርጉ። 5.04 ቮልት ይሰጣችኋል።

አሁን ወደ ዲዮዱ። አንድ ሾፌር ሰሌዳውን ይዞልኝ መጣ። «ወንድሜ፣ አንዴ ይሞላል አንዴ እምቢ ይላል፤ ስትነካው ደግሞ ያቃጥላል» አለኝ። ቺፑን ቀየርኩለት። በሳምንቱ ተመለሰ። ደግሜ ቀየርኩ፣ አሁንም ጋለ። ያኔ ነው ዲዮዱን ጠጋ ብዬ ያነበብኩት፦ 1ኤን4007። ይሄ በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚመላለሰው የመብራት ኃይል ኤሌክትሪክ (50 ኸርዝ) የተሠራ ዘገምተኛ ዲዮድ ነው። በ150,000 ፍጥነት ቶሎ መዝጋት ስለማይችል ቺፑ በከፈተ ቁጥር ለቅጽበት ሾርት ያደርጋል። 1ኤን5822 የሚባለውን፣ ሾትኪ የተባለውን ፈጣን ዓይነት ዲዮድ አስገባሁ። በጣቴ ይዤው ቆየሁ፣ ለብ ብሎ ቀረ። ዲዮዱን ሳታነቡ ቺፕ እንዳትገዙ አደራ።

ዲዮዱ ትክክል ሆኖ የመውጫው ቮልት ከተንቀጠቀጠ የመውጫውን ካፓሲተር (ቮልቱን የሚያረጋጋውን) ጠርጥሩ። ሙቀት ያደርቀዋል። ሳያብጥም ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ዓይናችሁን አትመኑ፣ ቀይሩት። ስትገዙ 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የተጻፈበትን ምረጡ።

ከባዶ ለምትሠሩ፦ ለ5 ቮልት፣ 3 አምፒር 33 ማይክሮ ሄንሪ ኮይል፣ መግቢያ ላይ 680፣ መውጫ ላይ 220 ማይክሮ ፋራድ ይበቃል። ኮይሉ ያን ያህል አምፒር የሚችል ይሁን። የመግቢያውን ካፓሲተር፣ ቺፑንና ዲዮዱን አጠጋግታችሁ በአጭርና ወፍራም መስመር አገናኙ። የ4ኛውን እግር መስመር ከኮይሉ አርቁት። ከባትሪው በኩል 2 አምፒር ፊውዝ አትርሱ።

ሲያልቅ ሬዚስተሩ እንደታሰረ ሰሌዳውን ባጃጁ ውስጥ ቦታው ላይ አድርጉትና ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 መካከል ከጸና ስልኩን ሰኩ።